መቻል የተባለው ውሻና 61 መልሶች

ቅዳሜ ማታ አንዲት ልጅ መድረካችን ላይ አንድ ጥያቄ ለጠፈች። ማክሰኞ ጠዋት 61 መልስ ተጽፎበት አገኘሁት። የሐዋሳን ወሬ በምናወራበት በዚህ ቤት ብዙ ጊዜ የሚያነታርከን የባጃጅ ዋጋና የውሃ መጥፋት ነው። ውሻ ይህን ያህል ያነጋግራል ብዬ አልጠበቅኩም። አወያይ ስለሆንኩ ሁሉንም ማንበብ ግዴታዬ ነበር። ሦስቱን ሰርዣለሁ፣ ሌላውን ወድጄዋለሁ። ላመለጣችሁ ነገሩ እንዲህ ነው።

ልጅቷ አቶቴ አካባቢ ከወላጆቿ ጋር ትኖራለች። ዓመት ሙሉ በስልኳ ስትቀርጽ ከርማ 38 ደቂቃ የሚሆን ዶክመንተሪ ሠርታለች። ስለ አባቷና ስለ ውሻቸው ነው። አባትየው ጡረታ ወጥተዋል። ውሻው መቻል ይባላል፤ ቡኒ፣ አንድ ጆሮው የተቀደደ፣ ተራ የሀበሻ ውሻ። የልጅቷ ሃሳብ አጭር ነበር። ፈረንጅ ውሻውን ሶፋ ላይ እያስተኛ ይወዳል፤ እኛ ግን ከውሻ ጋር ያለን ነገር ፍቅር ሳይሆን ውል ነው ባይ ናት። ትራፊ እንሰጠዋለን፣ ይጠብቀናል፣ በቃ። ዓመት ሙሉ ስትቀርጽ አባቷ መቻልን አንዴ እንኳ በእጃቸው ሲደባብሱት አላየችም። ቤት አያስገቡትም። ለምን እንደሚያኖሩት ስትጠይቃቸው ለሌባ ነው ይላሉ፤ ሌላ ቃል አይወጣቸውም። ፊልሟንም እዚያ ላይ ነው የጨረሰችው። መጨረሻ ላይ ሁለት ነገር ጠየቀች። አንደኛ፣ ልክ መሆን አለመሆኗን። ሁለተኛ፣ በራሷ ድምፅ ትተርከው ወይስ ዝም ትበል የሚለውን። የሦስት ደቂቃ ቅንጭብም አያይዛ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ መልሶች ጨዋ ነበሩ። ቁጥር 1 አበረታታትና የስልኳን ዓይነት ጠየቀ። ቁጥር 2 በሃሳቧ ሙሉ በሙሉ ተስማማ። ውሻ በበላበት ይጮኻል የሚለውን ተረት ጠቅሶ አባቶቻችን ነገሩን ድሮ ጨርሰውታል አለ። ቁጥር 3 አስተማሪ ሳትሆን አትቀርም፤ ወዲያው አረመችው። ይህ ተረት ስለ ሰው እንጂ ስለ ውሻ አይደለም፤ ላበላው ጌታ የሚሟገትን ሰው ለመንካት የሚባል ነው አለች። ደሙ ደመ ከልብ ሆኖ ቀረ ስንልም የምናዝነው ለሟቹ እንጂ ለውሻው እንዳልሆነ አስታወሰችው። በአማርኛ ውሻን የምናነሳው ሰው ለመስደብ ነው፤ ስለዚህ ከተረት ተነስቶ ስለ ውሻ ማስረጃ ማቅረብ አይቻልም። ቁጥር 2 ተመልሶ መጣና ያው ነው አለ። ያው አልነበረም።

ውይይቱን ያሞቁት ቁጥር 5 ናቸው። በዕድሜ የገፉ ሰው ይመስሉኛል፤ አራት ነጥብ አይረሱም። ባደጉበት ገጠር የውሻ ስም ዝም ብሎ አይወጣም ነበር። ስሙ መልእክት ነው። በወሰን የተጣላህ ጎረቤት ፊት ለፊት አይሰድብህም። የልቡን ለውሻው ስም ያወጣበትና ሲመሽ አንተ እንድትሰማ አድርጎ እየጮኸ ይጠራዋል። የእኚህ ሰው አያት ውሻ ስሙ መቻል ነበር፤ ለመጻፍ ያነሳሳቸውም ይኸው የስም መገጣጠም ነው። ከወንዙ ማዶ ያለው ባላጋራ ነገሩ ሲገባው እሱም ቡችላ አመጣና እስከመቼ አለው። ከዚያ ወዲያ ሲመሽ ከወዲህ መቻል፣ ከወዲያ እስከመቼ እየተባለ መንደሩ በሳቅ ይፈርስ ነበር። ሁለቱ ውሾች ግን ቀን ቀን ወንዝ ዳር ተገናኝተው ይላፋሉ። ሰውየው ይህን ከነገሩን በኋላ የልጅቷ አባት ስሙን ለማን ልከውት እንደሆነ ጠይቀው ወጡ።

ከ6 እስከ 9 ያሉት ኳስ ናቸው። መቻል የሚባል ክለብ አለ፤ የሐዋሳ ከተማ ደጋፊ ሆኖ ውሻውን በተጋጣሚ ክለብ ስም መጥራት ድፍረት ነው ወይስ ስድብ በሚል ተከራከሩ። ቁጥር 10 ስለ ጃንሆይ ሉሉ አነሳ። ያቺን ትንሽ ውሻ ከሥራቸው የማይለዩ ንጉሥ በነበሩበት አገር ውሻ መውደድን የፈረንጅ ብቻ ማድረግ ልክ አይደለም አለ። መልስ የሰጠው የለም። ቤተ መንግሥትን ከአቶቴ ግቢ ጋር ማወዳደር ከባድ ነው መሰለኝ።

ጨዋታው ቁጥር 11 ላይ ቆመ። አባት ነው። የ7 ዓመት ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ባለቤት የሌለው ውሻ ባቱን ነክሶታል። ክትባት ፍለጋ ሁለት ቀን ተንከራተቱ። አንዱ ጋ አልቋል፣ ሌላው ጋ ነገ ኑ። በሦስተኛው ቀን ሌላ ከተማ ሄደው አገኙ። ልጁ ድኗል፤ አሁንም ግን ማታ ውሻ ሲጮኽ የአባቱ አልጋ ውስጥ ይገባል። ለዚህ ሰው ስለ ውሻ ፍቅር ፊልም መሥራት ቅንጦት ነው። መንገድ ላይ ያሉት ሁሉ በመርዝ ይለቁ አለ፤ ቃሉ ከዚህም የባሰ ነበር። ቁጥር 12 ደግሞ ውሻው ማንን መንከስ እንዳለበት ያውቃል የሚል ቀልድ ወረወረ። እሱን ሰረዝኩት። በልጅ ቁስል አይቀለድም።

ቁጥር 13 የእንስሳት ሐኪም ነው። ረጅም ጻፈ፤ ረጅምነቱን ግን ማንም አልጠላውም። መጀመሪያ ለቁጥር 11 አይዞህ አለው። ከዚያ ወደ ነገሩ ገባ። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ማጠብ አለበት፤ ከዚያ ሳይዘገይ ወደ ክትባት። በርበሬ፣ ጋዝ፣ ቅጠል የሚባል ነገር አይነካውም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክት አንዴ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። በዓለም ላይ በዓመት 59,000 ያህል ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል፤ ወደ ሰው ከሚተላለፈውም 99 በመቶ ያህሉ በውሻ በኩል ነው። መርዝን በተመለከተ ደግሞ ነገሩ ቀላል ነው አለ። መንደሩ ውስጥ ያለውን ውሻ ብትገድለው ቦታውን ሌላ ያልተከተበ ውሻ ይወርሰዋል። ከ100 ውሻ 70ው ከተከተበ ግን በሽታው የሚተላለፍበት መንገድ ይዘጋል። የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን የሚውለውም መስከረም 18፣ አብዛኛውን ጊዜ የመስቀል ማግስት መሆኑን ጠቀሰ። ክትባቱን እ.ኤ.አ. በ1885 ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የሰጠው ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1895 የሞተበት ዕለት ነው። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። መስቀልን አክብረን በማግስቱ ተኝተን ነው የምናሳልፈው።

ቁጥር 14 አያቱ የሚያውቋት አንዲት ሥር እንዳለች ጻፈ። ሐኪሙ በቁጥር 15 አስቆመው፤ እስካሁን የነበረው ትሕትናም እዚያው አለቀ። ሥሯን የወሰዱና የዳኑ ሰዎች መጀመሪያም ያላበደ ውሻ የነከሳቸው ናቸው፤ ያበደ የነከሳቸው ደግሞ መጥተው ሊመሰክሩ አይችሉም አለ። ቁጥር 16 በልጅነቷ እንብርቷ ዙሪያ በየቀኑ የተወጋችውን መርፌ አስታወሰች። ዛሬ ክንድ ላይ በጥቂት ቀጠሮ የሚያልቅ መሆኑን ስትሰማ ቀናች። ቁጥር 11 ተመለሰና ትምህርቱ ጥሩ ነው፣ ልጄ ከመነከሱ በፊት ቢሆን ኖሮ አለ። እዚህ ላይ እኔ በቁጥር 18 ወደ ፊልሙ እንመለስ ብዬ ጻፍኩ። ማንም አልሰማኝም።

ቀጥሎ ሃይማኖት መጣ። ልቤ ዱብ አለ፤ ይህን ቤት ሁለቴ ያዘጋብኝ እሱ ነው። ቁጥር 20 የአልዓዛርን ታሪክ አነሳች። ሀብታሙ ሰውዬ ፊቱን ባዞረበት በር ላይ ቁስሉን የላሱለት ውሾች ነበሩ። ቁጥር 21 ሙስሊም ነው። የውሻ ምራቅ የነካው ዕቃ ሰባት ጊዜ እንደሚታጠብ፣ በእነሱ ቤትም ውሻ ከግቢ በር እንደማያልፍ ነገረን። ያም ሆኖ በጫማው ከጉድጓድ ውሃ ቀድቶ የተጠማ ውሻ ያጠጣ ሰው ኃጢአቱ እንደተሰረየለት የሚናገር ሐዲስ አለ። ዋሻ ውስጥ ከተኙት ወጣቶች ጋር ደጃፉ ላይ የተኛ ውሻም በቁርኣን አለ። ስለዚህ ቤት አለማስገባትና አለመውደድ አንድ አይደሉም አለ። ቁጥር 22 አመሰገነው። ከ61ዱ መልስ በጣም የተከባበሩበት ቦታ ይሄ ነው ብል አልዋሸሁም።

ቁጥር 24 ሳይንስ ይዞ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የጃፓን ተመራማሪዎች ሥራ ነው። ውሻና ባለቤቱ ዓይን ለዓይን ሲተያዩ እናትን ከሕፃኗ ጋር የሚያስተሳስረው ኦክሲቶሲን የተባለው ሆርሞን በሁለቱም ላይ ይጨምራል፤ በሰው እጅ ባደጉ ተኩላዎች ግን ይህ አልታየም። ቁጥር 25 የልጅቷ አባት ውሻውን ቀና ብለው እንኳ አያዩትም፣ ሆርሞኑ በምን በኩል ይገባል ብላ ጠየቀች። መልስ አላገኘችም። ቁጥር 27 የጻፈው ግን እኔን ያዝ አደረገኝ። ጀርመን ውስጥ ቦን አጠገብ ኦበርካሰል በሚባል ቦታ እ.ኤ.አ. በ1914 አንድ መቃብር ተገኝቷል። ወደ 14,000 ዓመት ዕድሜ አለው። ውስጡ አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴትና ዕድሜው ሰባት ወር አካባቢ የሆነ ቡችላ ነበሩ። ኋላ ጥርሱን የመረመሩ ሰዎች ቡችላው ዲስቴምፐር በሚባለው የውሻ በሽታ ለሳምንታት ደጋግሞ እንደታመመ የሚያሳይ ምልክት አገኙበት። ያን ያህል የቆየው የሚያስታምመው ሰው ስለነበረ ነው ብለው ደመደሙ። እንግዲህ የታመመ ቡችላ ሌባ አይጠብቅም፣ አደን አይወጣም። ውል ቢሆን ኖሮ ያኔ በፈረሰ ነበር አለ ቁጥር 27።

ዲስቴምፐር ሲነሳ ባሌ ይሠራ የነበረ አንድ ልጅ በቁጥር 29 ገባ። ይኸው በሽታና እብድ ውሻ ከእኛ ውሾች እየተሻገሩ ቀይ ቀበሮን ሲፈጁ በዓይኑ አይቷል። በዓለም ላይ የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም። ሁሉም ያሉት ኢትዮጵያ ውስጥ ነው፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ላይ። እዚያ የእረኞችን ውሾች መከተብ ቀበሮውን ማዳን ነው። የሰውና የውሻ ፍቅር ሂሳቡን አንዳንዴ ሦስተኛ ወገን ላይ ይጥላል አለ። ይህች ሃሳብ ሌላ ውይይት ይገባት ነበር። እዚህ ግን ቁጥር 30 ቀይ ቀበሮና ተኩላ አንድ መሆን አለመሆናቸውን ጠየቀና ነገሩ እዚያው ቀረ።

ከዚያ የባጃጅ ሹፌሩ መጣ፤ ቁጥር 32። ልጅቷን ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ሄደሽ ቅረጪ አላት። በጠዋት ጀልባዎቹ ሲገቡ ልጆች መሬት ላይ ቁጭ ብለው ቆሮሶ ይልጣሉ። የዓሣው ሆድ ዕቃ በተጣለ ቁጥር አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ሽማግሌ ጉባኤ ከበው ይቆማሉ። አንዱ ምንቃሩን ከሰነዘረ ውሻ አይቀርብም። እዚያ አንዲት ነጭ ውሻ አለች። ሁልጊዜ የምትቀመጠው ከአንድ ልጅ ጀርባ ነው። ልጁ ሲልጥ ክርኑን ወደ ኋላ ይዘረጋል፤ አባ ኮዳው በክርኑ በኩል መምጣት አይችልም፤ እሷ በዚያች ክፍተት የድርሻዋን ትበላለች። ሲያወራት አይቶ አያውቅም። ስሟንም ማንም አያውቅም።

ደስ የሚል ነበር። ከዚያ ግን አንዱ እዚያ የዓሣ ሾርባ የት እንደሚጣፍጥ ጠየቀና ከ33 እስከ 38 ሾርባ ሆነ። ጥሬ ዓሣ በዳጣ የሚበላና የሚጸየፍ ተፋጠጡ። ቁጥር 36 ሌላውን ጅብ አለው። ሁለተኛው የሰረዝኩት እሱ ነው።

ቁጥር 39 ካሜራ ሥራው ነው፤ ሰርግ ይቀርጻል። ቅንጭቡ በሙሉ ከበረንዳ ላይ ቁልቁል የተቀረጸ በመሆኑ የመቻል ጀርባ እንጂ ፊት እንደማይታይ አስተዋለ። መሬት ላይ ቁጭ ብላ በውሻው ቁመት እንድትቀርጽ መከራት። ዋሽንት ከሥር እንዳትጨምርም ለመናት። እኔም አብሬ እለምናለሁ።

ቁጥር 41 ስለ ራሷ ምንም አልተናገረችም። ቅንጭቡን ከሁለተኛው ደቂቃ አጋማሽ ጀምራችሁ ደግማችሁ እዩ ብቻ ነው ያለችው። ሄጄ አየሁ። አባትየው በረንዳው ጠርዝ ላይ ቁጢጥ ብለዋል። በጎድጓዳ ቆርቆሮ ሳህን ሽሮ የነካ እንጀራ ይዘዋል፤ ጭሱ ይታያል። እንጀራውን በጣታቸው በትንንሹ ይቆራርሱታል። ከዚያ ጎንበስ ብለው እፍ ይላሉ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። የትንሽ ጣታቸውን ጀርባ ሽሮው ላይ ነካ አድርገው ይመረምራሉ። አንዴ ደግመው እፍ። ከዚያ ቀና ይሉና ሳህኑን በእግራቸው ገፋ ያደርጉታል። ልክ በዚያች ቅጽበት ልጅቷ ከላይ ለምን እንደሚያኖሩት ትጠይቃለች፤ እሳቸውም ለሌባ ይላሉ። ሁላችንም ጥያቄውንና መልሱን ስንሰማ እፍታው አልፎናል።

አሥራ ስንት ሰው ደግሞ አየ። ቁጥር 44፣ ያው የተነከሰው ልጅ አባት፣ አልተዋጠለትም። ትኩስ ነገር የያዘ ሰው ሁሉ እፍ ይላል፣ ከሽሮ ቅኔ አታውጡ አለ። ቁጥር 45 ለግቢ ዘበኛ ምግብ እፍ የሚልለት ጌታ አይተህ ታውቃለህ ብላ መለሰችለት። መልሷ ስለት ነበረው። ቁጥር 46 ራሱ ዘበኛ ሆኖ ተገኘ። አላየሁም አለ። ሌሊት ሲዘንብ ግን የግቢው ውሻ እግሩ ላይ ይተኛለታል። ሁለት መስመር ጽፎ ወጣ፤ ተረኛ ነበር።

ልጅቷ በቁጥር 49 ተመለሰች። ቅንጭቡን ስታቀናብር ከመቶ ጊዜ በላይ አይታዋለች። የመረጠችው ብርሃኑ ስላማራት ነበር። እፍ ሲሉ አላየችም። ስለ ስሙም አባቷን ጠይቃቸው ነበር፤ እናትሽን ጠይቂ አሏት። እናትየው ሳቁ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት አባትየው ማንንም ሳያማክሩ ቡችላ ጃኬታቸው ውስጥ ደብቀው ሲመጡ እናትየው ወለሉን ገና አጥበው መጨረሳቸው ነበር። ቡችላው በእርጥቡ ወለል ላይ ሮጠ። እናትየው ስሙን መቻል አሉት። ለባላቸው የተላከ ነው። እንግዲህ አባትየው ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየምሽቱ የሚስታቸውን እሮሮ ለሰፈሩ እየጮኹ ሲያሰሙ ኖረዋል ማለት ነው። ሌላም ነገር አለ። መቻል የሚበላው ትራፊ አይደለም። እናትየው ምሳ ከመቅረቡ በፊት ቀንሰው ያስቀምጡለታል። እንዲያ ካላደረጉ ሰውየው ከራሳቸው ድርሻ እያነሱ ይሰጡታል።

ቁጥር 5 ሽማግሌው ብቅ ብለው ረክተው ሄዱ። ሌላው ሁሉ በደስታ ሲያጨበጭብ ቁጥር 53 ፊቷን ሳታፈታ መጣች። ዘጠኝ ዓመት ያበሰለችው ሴት 38 ደቂቃ ውስጥ የት እንዳለች ጠየቀች። ስሙን ያወጣችው እሷ፣ የምትቀንሰው እሷ፣ ፊልሙ ግን ስለ አባትና ውሻ። እፍ ያለውን ስታደንቁ ምድጃው ፊት የቆመችውን ረሳችኋት አለች። ይህን ስትል አንዳንዱ ተቆጣ፤ ሴቶቹ ግን ተከታትለው ደገፏት። እውነቱን ለመናገር እኔም እፍታውን ሳደንቅ ሽሮውን ማን እንዳፈላው አልጠየቅኩም ነበር። ልጅቷ በቁጥር 57 ስልኳን ቻርጅ ላይ መሰካቷን ብቻ ጻፈች። ስለ ትረካው አልወሰነችም።

58 የጀርመን ሼፐርድ ቡችላ ሽያጭ ነበር። ሦስተኛው የሰረዝኩት ነው።

ቁጥር 59 ላይ ያ የተነከሰው ልጅ አባት አንዴ ተመለሰ። ፊልሙን አላነሳም። ባለቤት የሌለውን ውሻ ለክትባት ማን ነው የሚይዘው ብሎ ሐኪሙን ጠየቀ። ሐኪሙ በቁጥር 60 ሁልጊዜ የሚያበላው ሰው ካለ እሱ ቢይዘው እንደሚሻል፣ ውሻው ለሌላ ሰው እንደማይቆምለት መለሰ። ሰውየው በቁጥር 61 ጻፈ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሎ የምትሸጥ ሴት አለች፤ ውሾቹ ከእሷ ዘንቢል አጠገብ አይጠፉም፤ ስሟን ግን አያውቀውም።